የጎረቤቴ ልጅ ዛቻ

ልብስ ሳሰጣ ነው የሰማሁት። በእኛና በጎረቤቶቻችን ግቢ መካከል ያለው የድንጋይ ካብ ከደረቴ አይበልጥም። ልጄና የጎረቤቴ ልጅ ከካቡ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

ጥፋቱን የጀመረው የእኔው ነው። "አባትህ ሲገርፍህ ሽንትህን ለቀቅህ አሉ" አለው።

የጎረቤቴ ልጅ አልጮኸም። ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ መለሰ። "የአባቴ ክላሽ አልጋው ሥር ነው። ካዝናውን መግጠም አውቃለሁ። የምትተኛው በመስኮቱ በኩል ነው። ግንባርህን ነው የምልህ።"

"ሂድ ወዲያ! አንተ እንኳን ሰው ዶሮ አታርድም።" ልጄ ሳቀ።

"እናትህ ስትጮህ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ" አለው።

አንሶላው ከእጄ አፈር ላይ ወደቀ።

ልጆች ይዛዛታሉ፣ አውቃለሁ። ግን አምና ከወዲያኛው ሰፈር አንድ ልጅ የአባቱን ጠመንጃ ሲነካካ እህቱን ገድሏል። ለቅሶ ሄጄ ግድግዳውን አይቻለሁ። ደሙን በጭቃ መርገውት ነበር፤ ጭቃው ገና አልደረቀም።

ለወላጆቹ እንዳልናገር ደግሞ አባትየውን አውቀዋለሁ። በጎቹን በሰው ገብስ ላይ ስለለቀቀ ልጁን እጅና እግሩን አስሮ በርበሬ አጥኖታል። ፍም ላይ በርበሬ ነስንሶ፣ ጋቢ ደፍቶበት። የልጁ ሳል እንደሚታረድ በግ ነበር። ሮጬ በሩን ስደበድብ "ልጄን እየቀጣሁ ነው፣ ግቢሽ ግቢ" አለኝ። ልጁ ሁለት ቀን ዓይኑን አልገለጠም። ይህንን ዛቻ ቢሰማ ይገድለዋል።

ባሌ ኮን ከተማ ነው የሚሠራው። ብነግረው በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣል፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። ስለዚህ ዝም አልኩ። የልጄን አልጋ ከመስኮቱ አንስቼ ከጎታው ጀርባ አደረግሁት።

በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ያዝኳቸው። የሁለታችንም ቤት የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። "አባታችን፣ ብናገር የሰው ልጅ አስገድላለሁ፤ ዝም ብል የራሴን" አልኳቸው።

"እንግዲያው መጀመሪያ ይማል። ከዚያ ትነግሪዋለሽ" አሉኝ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ክፉ ወሬ ከመንገር በፊት ሰሚው መስቀል ይዞ ቃል ይገባል። አብረን ሄድን። አባትየው መስቀሉን ሲያይ ሳቀ። "ምን ሠርቼ ነው አባታችን? ልታስሩኝ ነው?"

የሚምልበትን ቃል እኔ ነኝ አንድ በአንድ ያስያዝኩት። "ልጄን አልገርፍም በል። አላጥንም በል። ጣቴን አላነሳበትም በል።"

"ኧረ አብሽሪ እህቴ! አውሬ አደረግሽኝ እኮ" እያለ፣ እየሳቀ፣ መስቀሉን ተሳልሞ ማለ።

ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ እሷን ቀና ብሎ አያት። እኔ ግን ጥግ ላይ የቆመውን ልጁን ነበር የማየው። አባትየው ክላሹን በዚያው ቀን ፍላቂት ከተማ ላለው ወንድሙ ላከው። ልቤ አረፈ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቱ በካቡ በኩል ጠራችኝ። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ግራ ክንዷን በነጠላ አስራ አንጠልጥላዋለች፤ እጇ ከማበጡ የተነሣ ጣቶቿ አይለዩም።

"ልጁን አልነካውም" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። "ምሎ የለ።"

"አንቺን ነው?"

"'ክላሹን ማን አስነካው? ልጄን ማን አበላሸው?' እያለ። በአጠና ነው። ልጁ እያየ።"

በመሐላው ግርፋቱን ቆጥሬያለሁ፣ በርበሬውን ቆጥሬያለሁ፣ ጣቱን ሳይቀር ቆጥሬያለሁ። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ እያየኋት ትዝ አላለችኝም።

ወጌሻ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ክንዷን ሲጎትት ትከሻዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ነጠላዋን ነክሳ ድምፅ አላወጣችም፤ አጥንቱ ግን ሲገጥም ሰማሁት።

እሑድ ባልና ሚስቱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸው። ልጁ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ ሰላምታዬን አልመለሰም። አባትየው ደስ ብሎት ጨበጠኝ።

"እህቴ፣ ቃሌን ጠበቅሁ አይደል?"

ሚስቱ ክንዷን ታቅፋ አጠገቡ ናት። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም፣ ራሷን ግን 'ተይ' በሚል በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"ጠብቀሃል" አልኩት።