አባቴ እምቢ ያለበት ምርጫ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ የበቆሎ እሸት ከሰሉ ላይ እያገላበጥኩ ሳለ የልጅ ልጄ ናኦል ከሳሎን ጠራኝ። «አኮ፣ ነይማ፣ ጉድ እዪ።» ነቀምቴ ውስጥ አያትን እንዲህ ነው የምንጠራው። እጄን ጠርጌ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች መደዳውን ቆመዋል፤ ብዛታቸው ለአንድ መድረክ አይመስልም። አሜሪካ ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደሩ ናቸው አለኝ። «ሁሉም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣሉ፤ ከሌላው ፓርቲ ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። ማጣሪያ በዪው።»

«የአንድ ቤት ሰዎች ከሆኑ ምን ያጨቃጭቃቸዋል?» አልኩት። ሳቀብኝና የሚሉትን ይተረጉምልኝ ጀመር። አንዱ ከእኔ በቀር አገሪቱን የሚያድን የለም ይላል። ሌላው የሠራሁትን ሁሉ አይታችኋል ይላል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ስሜ ተነስቷልና ተጨማሪ ደቂቃ ይገባኛል ብላ እጇን አውጥታ ቀረች። እኔ ስለ እነሱ አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ሆኜ ኖሬ፣ ጎበዝ ተማሪ እንኳን መልሱን እያወቀ አንገቱን ሲደፋ ነው ያየሁት። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ሳያቸው ግን ከሃፍረቱ ሥር ሌላ ስሜት ብቅ አለ። ቅናት ነበር። የቀናሁትም ለራሴ ሳይሆን ለአባቴ ነው።

አባቴ ኦቦ ቶለራ አናጢ ነበር። ሰፈራችን ባኬ ጃማ ውስጥ እሱ ያልሠራው በር ወይም መስኮት ያለበት ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳን ቃሉን መጥኖ የሚያወጣ ሰው ነው። ይህ የምለው ነገር ሲሆን እኔ ለመምህርነት የምሠለጥነው ጅማ ነበርና ለክረምት ወደ ቤት ተመልሼ ነበር። እንደደረስኩ ያገኘሁት ወሬ የሰፈራችን እድር ዳኛ አርጅተው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፣ ምትክ ሊመረጥ ነው የሚል ነው። ማታ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባትሽ ፈልጎታል» አለችኝ። አባቴ አንድ ነገር ፈለገ ሲባል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

የፈለገበትን ምክንያት ለማወቅ ግን ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነሐሴ ላይ ታናሽ ወንድሙ ሞቶ ነበር። አባቴ አኖ የምትባል ከተማ ላይ የአንድ ነጋዴ ቤት ጣሪያ እየሠራ ነው መርዶው የደረሰው። እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥሎ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲደርስ ቀብሩ ወጥቶ ኖሮ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ። የመቃብር ቦታችን ከሰፈራችን በታች ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ነው። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ውሃ ክረምት ላይ ጭን ይደርሳል። አባቴ ዳር ላይ ቆሞ እያየ ከተሸካሚዎቹ አንዱ አዳለጠውና ሬሳ ሳጥኑ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ይዘው አወጡት። ግን ወንድሙ ውሃ የገባበት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ተቀበረ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሥጋ ጣዕም አጣበት፤ ቅንጬ እንኳን ሲቀርብለት ቅቤው እስኪረጋ ማንኪያውን ይዞ ይቀመጣል።

የፈለገው ድልድይ ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም፤ አራት ሰው ሳጥን ተሸክሞ የሚያልፍበት የእንጨት ድልድይ። ግንዱን ከጫካ አውርዶ፣ ድንጋይ ክቦ፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው ጠርቶ ለሥራ የሚያወጣው የእድሩ ዳኛ ነው። የቀድሞውን ዳኛ አንዴ አዋይቷቸው፣ «ቀብር በየቀኑ የለ» ብለው ነገሩን አቀዘቀዙት። ስለዚህ አባቴ ዳኛ መሆን ነበረበት።

ችግሩ እኛ ዘንድ እፈልጋለሁ ተብሎ አይመረጥም። ሰው ይጠቁምሃል፤ ትነሳና አልችልም ትላለህ። ይለምኑሃል፤ ደግመህ እምቢ ትላለህ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለመንክ በኋላ «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብለህ፣ የተፈረደብህ ሰው መስለህ ትቀመጣለህ። ሕዝቡም ጨዋነትህን የሚለካው በእምቢታህ ነው። እነዚያ አሜሪካኖች ለሙገሳቸው እንደሚዘጋጁት ሁሉ አባቴም ለእምቢታው ተዘጋጀ። ሰሞኑን ሙሉ እንጨት እየላገ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር። አንድ ቀን መላጊያውን አቁሞ፣ «ቀነኒ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። 'አልበቃም' ነው የሚሻለው ወይስ 'አቅሜ አይፈቅድም'?» ብሎ ጠየቀኝ።

እናቴ ከጓዳ ሰምታው፣ «አባ ቀነኒ፣ እሺ ማለትንስ አትለማመድም?» አለችው።

«እሺ ማለት ምን ልምምድ ያስፈልገዋል?» አላት።

ምርጫው የተደረገው በሐምሌ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ትልልቅ ሰዎች የልጆች ዴስክ ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ኦሮሞው፣ ከጎጃም የመጣው፣ የጉራጌ ባለ ሱቁ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ ሁሉ አለ፤ ሞት እንደሁ ሰው አይመርጥም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር የሚናገረው ሰው መጮህ ግድ ሆነበት። ጥቆማው ሲጀመር የሰፈሩ ወንድ ሁሉ የተጠቆመ መሰለ። እያንዳንዱም እየተነሳ አለመብቃቱን በጩኸት ያውጃል። አንዱ ዓይኔ ደክሟል አለ። አንዱ ለንግድ ጊምቢ ስመላለስ ነው የምኖረው አለ። በሰፈሩ ቁጣ የማያውቀው ሰው ተነስቶ ቁጡ ነኝ፣ አስቀይማችኋለሁ አለ። የቀደመው ሰው ካመጣው ምክንያት የባሰ ማምጣት የግድ ሆነና ምርጫው እየቆየ የጤና ጣቢያ ተራ መሰለ።

አባቴን የጠቆሙት ጎረቤታችን አዴ ሎሚ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንደ ልጃቸው የሚቆጡ አሮጊት ነበሩ። ከሴቶቹ ወገን ብድግ ብለው፣ «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ ኦቦ ቶለራን ምረጡ። የጀመረውን ሳይጨርስ የማይተኛ ሰው ነው» አሉ።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። «ሂን ደንደኡ» ብሎ በኦሮምኛ ጀመረ፤ አልችልም ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ወደ አማርኛ ዞረ። የተለማመደውን አልበቃም ግን ከሱ በፊት የተነሱት ሁሉ ብለውት ጨርሰዋል። ፊቱ ላይ መጨነቁን አየሁ። አዲስ ምክንያት ፍለጋ ወገቡ ላይ ደረሰ። «ወገቤ» አለ፣ «አኖ ላይ ከጣሪያ ከወደቅሁ ወዲህ ወገቤ የለም።» ደግሞ አባቴ ነገር ሲሠራ ክፍተት አይተውም። ሌሊት እንደማይተኛ፣ መዶሻ ማንሳት እንዳቃተው፣ ሐኪም እንኳን ተስፋ እንዳልሰጠው አንድ በአንድ ገጣጠመው። ከጣሪያ ወድቆ አያውቅም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌ በሐዘን አዩት። «አይዞህ ወንድሜ፣ የታመመ ሰው አናስገድድም። እግዚአብሔር ይማርህ» ብለው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

«እስኪ ደግማችሁ ጠይቁት» አሉ አዴ ሎሚ።

«ማሎ፣ እባክዎ እናታችን፣ ሰውየው እኮ ታሟል።»

አባቴ ወዲያው አልተቀመጠም። ባርኔጣውን እንደያዘ፣ ለሁለተኛው እምቢታ አፉን አዘጋጅቶ ትንሽ ቆየ። ሁለተኛ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ አንዱ የጠቆመው ሸምሱን ነው። ወደ ነቀምቴ ከመጣ ብዙም ያልቆየ፣ ጨውና ሳሙና፣ ላምባ የሚሸጥ ወጣት ባለ ሱቅ ነው። ተነስቶ፣ «እሺ፣ እሞክራለሁ። ብቻ ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁትና ቶሎ ጨርሱልኝ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም መቀመጡ ሰልችቶታል፣ እጅ ወጣ። ሸምሱም ወዲያው፣ «ምን ይቅደም?» ብሎ ጠየቀ። ድንኳኑ ተቀዷል አለ አንዱ። ድስት ጠፍቷል አለች አንዷ። አባቴን አየሁት፤ የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሩ እየፋቀ ነበር። እኔ ልናገርለት ብል አባቴ ለሹመት ብሎ ዋሸ ሊባል ነው። ስለ ድልድይ ማንም ሳያነሳ ወጣን።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ቤታችን ጠያቂ በጠያቂ ሆነ። አንዱ ምርኩዝ አመጣለት፣ እሱም መያዝ ግድ ሆነበት። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ እንዲያነክስ፣ ሥራውን በር ዘግቶ እንዲሠራ ተገደደ። እናቴ እየሳቀች ታዝንለት ነበር። አዴ ሎሚ ቅቤ ይዘው ሊያሹት መጡና ወገቡን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። መጮህ እንዳለበት ረሳ። ቅቤውን መልሰው ከደኑና፣ «እንዲያው እሺ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?» አሉት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነሐሴ ሲጋመስ አዴ ሎሚ ሞቱ። ጉንፋን ነው ተብሎ ሰነበተና አንድ ጠዋት ጎረቤት በራቸውን ሲያንኳኳ የከፈተ አልነበረም። ሸምሱ ያሰፋው አዲስ ድንኳን ተተከለ፤ ጠብታ አያስገባም፣ ሁሉም አመሰገነው። ከዚያ ሳጥኑን ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን። አባቴ ምርኩዙን ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከኋላ ነበር፤ ወገቡን የታመመ ሰው ተሸከም አይባልማ። ውሃው ደፍርሶ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ሞልቷል። ተሸካሚዎቹ ዳር ላይ ቆመው እንጠብቅ፣ አንጠብቅ ተባባሉና ገቡ። መሀል ላይ ሲደርሱ ከፊት ያለው ልጅ ተንገዳገደ፤ ሳጥኑም ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

አባቴ ምርኩዙን ወርውሮ ሲሮጥ አየሁት። ከነጫማው፣ ከነባርኔጣው ውሃው ውስጥ ገባ። የልጁን ቦታ ተቀብሎ ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባና፣ በእግሩ መሬቱን እየዳሰሰ፣ «ቀስ፣ ተከተሉኝ» እያለ አሻገራቸው። ማዶ ሳጥኑን ሲያወርዱት ውሃ አልነካውም ነበር።

ሰው ሁሉ ያየዋል። ሸምሱ ከጉልበቱ በላይ ርሶ፣ «ኦቦ ቶለራ፣ ወገብዎስ?» አለ።

«ወገቤ ደህና ነው» አለ አባቴ። እያለከለከ ነበር። «ዳኝነቱን ፈልጌው ነበር። እዚህ ድልድይ ላሠራበት።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩንም?»

«አፈርኩ።»

የሳቀ የለም። ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲጎድል ሸምሱ ሰፈሩን በሙሉ አወጣ፣ አባቴም ሥራውን መራ። እኔ ወደ ጅማ ተመልሼ ስለነበር ሲሠራ አላየሁትም፤ በሚቀጥለው ክረምት ነው የተሻገርኩበት። እንጨቱ ገና የሙጫ ሽታ ነበረው። ሸምሱ ብዙ ዘመን ዳኛ ሆኖ ቆየ፤ ጥሩ ዳኛ ነበር። አባቴንም ሰዎች እስኪሞት ድረስ «ወገብህ እንዴት አደረ?» እያሉ ያስቁት ነበር። አብሯቸው ይስቅ ነበር፣ ግን ቶሎ ያቆም ነበር።

ናኦል ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «አኮ፣ አንቺ ብትሆኚ ማንን ትመርጫለሽ?» አለኝ። እንጃ አልኩት። የእሸቱ አንድ ጎን አርሮ ነበርና ያላረረውን ሰጠሁት። ስለ ሰዎቹ ማፈሬን አልተውኩም፤ እንደዚያ ራስን ማወደስ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያደርስ በዕድሜዬ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ከመካከላቸውም ለሥራው ብሎ የቆመው የቱ እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ ይህን እፈልጋለሁ፣ የምፈልገውም ለዚህ ነው የምትል። እነሱ በየደቂቃው የሚሏትን ያቺን ዓረፍተ ነገር አባቴ በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው ያላት። ለማለትም ወንዝ መግባት ነበረበት። ሲላትም ደግማችሁ ጠይቁት ብለው የተከራከሩለት ሴትዮ እግሩ ሥር ሳጥናቸው ውስጥ ተጋድመው ነበርና አልሰሙትም።