ፍሬኑ ያው፣ ጭነቱ ሌላ

የሺዓለም እልኸኛ ናት። ይህን የምለው ላሞግሳትም ላማትም ብዬ አይደለም፤ የአራዳን ሰው ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳለን ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር። አባቷ የላዳ ታክሲ ሹፌር ስለነበሩ ልጅነቷን የጨረሰችው ከጎናቸው፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ማለት ይቻላል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማ ሚኒባስ ላይ ረዳት ስትሆን የሰፈሩ ጎረምሳ ያልቀለደባት ቀልድ አልነበረም፤ እሷ ግን መልስ አጥታ አታውቅም። በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። አባቷ ሲያርፉ ላዳዋን ሸጣ፣ እቁቧን ጨምራ፣ አሥራ ሁለት ልጅ የሚይዝ ሚኒባስ ገዛች። አሁን አርባን ተሻግራለች። ከፒያሳና ከአካባቢው ልጆች እየሰበሰበች አምስት ኪሎ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ታመላልሳለች። እኔ ፒያሳ ውስጥ ክርና ቁልፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ የእኔም ልጅ ከተሳፋሪዎቿ አንዷ ናት።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ልጆች የሚያመላልስ የሌላ ሹፌር ሰርቪስ መኪና ሞተሩ አልነሳ አለ። ሹፌሩ ቢለምናት ጊዜ የእሱን ልጆች ከራሷ ልጆች ጋር ደራርባ ጫነች፤ ትንንሾቹ በትልልቆቹ ጭን ላይ ተቀመጡ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስትወርድ አንዲት ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ ዜብራው ላይ ገባች። የሺዓለም በየቀኑ የምታደርገውን አደረገች፤ በየቀኑ ከምትይዝበት ቦታ፣ በየቀኑ በምትረግጠው ልክ ፍሬን ያዘች። መኪናው ግን በየቀኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ አልቆመም። ዜብራውን አልፎ ሄዶ ቆመ። ሴትየዋ ወደ ኋላ ዘላ ተረፈች፤ ዘንቢሏ ውስጥ የነበረው ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። የሺዓለም ወርዳ ቲማቲሙን ለቀመች፣ ሴትየዋን ይቅርታ ጠየቀች፣ ልጆቹን አድርሳ በቀጥታ ወደ እኔ ሱቅ መጣች።

ባንኮኒው አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ፍሬኑ ያዘ» አለችኝ። «መያዙንማ ያዘ። ግን አልደረሰም።»

ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷን ግን በንዴት ሸፈነችው። በዚያው ዕለት መኪናውን ጋራዥ ወሰደች። መካኒኩ ጎማውን ፈታ፣ የፍሬን ሸራውን አየ፣ ዘይቱን አየና ምንም እንከን የለበትም አላት። ታዲያ ለምን አለፈኝ ብትለው ተጣድፈሽ ይሆናላ ብሎ ሳቀ። ይህች ቃል አንጀቷን አቃጠለችው። የሺዓለም ቁልቁለት ላይ እንደማትፈጥን እኔም አውቃለሁ፤ ጠዋት የሚረፍድበት ወላጅ ሁሉ የሚያማርረው በዝግታዋ ነው። ፍሬኑ ደህና ነው፣ ፍጥነቱ የወትሮው ነው፣ ቦታው የወትሮው ነው። የተለወጠው ጭነቱ ብቻ ነበር። ጭነት ደግሞ ሹፌር ሁሉ እንደሚያምነው መኪናን መሬት ያስይዘዋል እንጂ አያንሸራትተውም። እሷም ከአባቷ የተማረችው ይህንኑ ነው።

ያልገባትን ነገር ዝም ብላ ማሳደር አትችልበትም። ከተሳፋሪዎቿ የአንዷ እናት ጽጌማርያም እዚያው ትምህርት ቤት ከፍ ላሉት ክፍሎች ፊዚክስ ታስተምራለች። የሺዓለም በማግስቱ ልጆቹን አድርሳ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች። መምህሯ ጉዳዩን ሰምታ ሰሌዳ ላይ ሦስት ፊደላት ጻፈችና ማስረዳት ጀመረች። የሺዓለም አቋረጠቻት። ፊደሎቹን ተዪያቸውና ነገሩን አሳዪኝ፣ ያላየሁትን አልሸመድድም አለቻት። ሌላ መምህር ቢሆን ይቀየም ነበር። ጽጌማርያም ግን ጠመኔዋን አስቀምጣ ጥበቃው ውሃ ወደሚያመላልሱበት ጋሪ ወሰደቻት።

መጀመሪያ ባዶውን ጋሪ አንዴ ገፋ አድርጊው አለቻት፤ ጋሪው ወዲያው ፈጥኖ ሄደ። ከዚያ በሙሉ ጀሪካኖች ሞሉትና በዚያው ልክ ግፊው አለቻት፤ ጋሪው እያቃሰተ ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ይሄንንማ የትኛውም ወዛደር ያውቀዋል አለች የሺዓለም። አሁን ደግሞ እኔ ልግፋልሽ፣ አንቺ አቁሚው አለች መምህሯ። ጀሪካኖቹን አንዴ አውርዳ፣ አንዴ መልሳ ጭና ጋሪውን በእኩል ፍጥነት ላከችላት። ባዶውን በአንድ መዳፏ ያዘችና ወዲያው ቆመላት። ሙሉውን በዚያው መዳፍ ብትይዘው እሷኑ እየገፋ ወደ ኋላ ወሰዳት፤ የቆመው ግድግዳው አጠገብ ሲደርሱ ነው። የሺዓለም መዳፏን አየች።

ጽጌማርያም የነገሩን ልብ የነገረቻት ያን ጊዜ ነው። ጉልበት የሚያስፈልገው የቆመን ለማስነሳት ብቻ አይደለም፤ የሚሄደውን ለማቆምም ነው። ማፍጠንም ማቆምም ሁለቱም ፍጥነትን መለወጥ ናቸው። ፍጥነቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ ደግሞ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሚያርፍበት ጉልበትና የራሱ የነገሩ ግዝፈት፣ መጽሐፉ መጠነ ቁስ የሚለው። ጉልበቱን እጥፍ ብታደርጊው ለውጡ እጥፍ ይፈጥናል። መጠነ ቁሱን እጥፍ አድርገሽ ጉልበቱን ካልጨመርሽ ግን ለውጡ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመቆም ረጅም መንገድ ይፈልጋል።

«እግርሽ የለመደው አንድ ልክ ነው» አለቻት። «ስንት ልጅ እንደጫንሽ እግርሽ አያውቅም። ፍሬኑም አያውቅም።»

የሺዓለም እንዲህ በዋዛ አትለቅም። ሲከብድ ጎማው መሬት ይይዝ የለም ወይ ብላ ተከራከረች። መምህሯ ይይዛል አለች፤ ነገር ግን መቆም ያለበትም ነገር በዚያው ልክ ስለከበደ ያተረፍሽው የለም። ጠንክሬ ብረግጥስ አለች። ይረዳል፣ ግን መጠንከር እንዳለብሽ የምታውቂው መኪናው ካለፈሽ በኋላ ነው፣ ፍሬንም ወሰን አለው አለቻት። ጭን ላይ የተቀመጠውን ልጅ ደግሞ የሚያቆመው ምንም ነገር የለም፤ መኪናው ሲቆም እሱ ጉዞውን ይቀጥላል። ይህን ስትሰማ የሺዓለም ያን ጠዋት በመስታወቷ ውስጥ ያየቻቸውን ትንንሽ ጭንቅላቶች አስታወሰች። ከዚያ ወዲያ ከወንበሩ ቁጥር በላይ አንድም ልጅ እንደማትጭን ወሰነች። ውሳኔዋን መጥታ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ምንም መወላወል አልነበረም።

ችግሩ ወላጆች የፈለጉት ሌላ መሆኑ ነው። የዚያኛው ሰርቪስ መኪና ሳይጠገን ቀረና ልጆቹ ሁሉ የየሺዓለምን በር አንኳኩ። እሷ በሁለት ዙር ላድርሳቸው አለች። ሁለት ዙር ማለት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ገና ሳይነጋ ከአልጋቸው ይቀሰቀሳሉ ማለት ነው፤ ማን ወላጅ የራሱን ልጅ ለዚያ ይሰጣል? አንድ ሌላ ሹፌር ደግሞ ሁሉንም ጠቅጥቄ በአንድ ጉዞ አደርሳለሁ ብሎ ነበርና ሰው ወደ እሱ አዘነበለ። የሺዓለም እንጀራዋን ልታጣ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ያመላለሰቻቸው ልጆች በሙሉ ተጠቅጥቀው በዚያች ቁልቁለት ሊወርዱ ነው። የእኔም ልጅ አለችበት።

ከሁሉ የከበዱት አባባ ወልደሥላሴ ናቸው። ትውልዳቸው አዲግራት፣ ኑሯቸው አራዳ፤ በጉብዝናቸው ጊዜ የአሰብን መንገድ በተሳቢ ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። የልጃቸውን ልጅ ሰምሃርን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው፤ ጓለይ እያሉ ነው የሚጠሯት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ስለ መኪና አባባ ወልደሥላሴ ከተናገሩ ነገሩ አለቀ፤ ተሳቢ የነዳ ሰው ስለ ሚኒባስ ምን ይሳሳታል ይባላል። ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ሲያበቃ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። እሳቸው ብዙ አልተናገሩም። መኪና ሲሞላ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል፣ የሚያንሸራትተው ባዶው ነው፣ ይቺ ልጅ አንዴ ደንግጣለችና የማይደነግጥ ሹፌር እንያዝ አሉ። አብዛኛው ሰው ተስማማ።

እንደማውቃት አሁን ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የመኪናዋን ቁልፍ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ይንዱት» አለች። «እኔ ፈሪ ልባል። እርስዎ አይደነግጡም።»

ከግቢው በር ወደ ውስጥ የሚገባው አስፋልት ረጅምና ለጥ ያለ ነው። ጽጌማርያም ጠመኔዋን ይዛ ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ አሰመረች፣ ልጆቹን ሁሉ ከግንቡ በስተኋላ አቆመች። ደንቡን የሺዓለም ተናገረች፤ ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ከአንድ መስመር፣ በአንድ ሰው እግር። መጀመሪያ ስድስት ትልቅ ሰው ይሳፈራል፣ የአሥራ ሁለት ልጅ ክብደት ማለት ነው። ቀጥሎ ወንበሩ በትልቅ ሰው ይሞላል፣ ያም ተጠቅጥቀው ሊሄዱ የታሰቡትን ልጆች ያህላል። ሁለቱ ሴቶች ይህን ሲያሰሉ የሰነበቱ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። ወላጆቹ ተሳሳቁ፤ አንዱ በነፃ ሽርሽር ተገኘ አለ። እኔ በሁለቱም ጊዜ ተሳፍሬአለሁ፤ ክብደቴ ለሁለት ይበቃል ብለው ቀለዱብኝ።

የመጀመሪያው እንደተባለው ሆነ። አባባ መስመሩ ላይ ሲደርሱ ረገጡ፣ መኪናውም እንደ ታዛዥ በቅሎ ቀስ ብሎ ቆመ። ጽጌማርያም የቆመበትን ቦታ ምልክት አደረገች። አባባ ወልደሥላሴ ወርደው ምልክቱን አዩት፤ ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረጉ። ሰምሃርን ጠርተው ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወለቁና ከምልክቱ ሁለት ረጃጅም እርምጃ አለፍ ብለው አስፋልቱ ላይ አስቀመጡት።

«ሲሞላ ጭራሽ እዚህም ሳልደርስ ነው የምቆመው» አሉ ምልክቱን እያሳዩ። «ይኸው የጓለይን ቦርሳ አስይዣለሁ።»

የሺዓለም ቦርሳው ይነሳ ብላ ለመነቻቸው። አይሆንም አሉ።

ሞላን። ከኋላ ዞረው መጡ፣ ፍጥነቱም የቅድሙ ነበር፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ቆጣሪውን አይቻለሁ። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ረገጡ። በደንብ ረገጡ። መኪናው ግን የቀድሞ ምልክቱን አልፎ መሄዱን ቀጠለ። ቦርሳው ወደ እኛ ሲመጣ አየሁት፤ እሳቸውም አዩት፤ እግራቸውን ጨመሩ፣ ጎማው ጮኸ፣ ዘግይቶ ነበር። ከበታቻችን አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከዚያ ቆምን።

ማንም አልሳቀም። አባባ ወልደሥላሴ ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ ወርደው በጉልበታቸው ተንበረከኩና ቦርሳውን ከጎማው ሥር ጎትተው አወጡት። ዚፑን ሲከፍቱት የምሳ ዕቃው ተጠፍጥፎ ተሰነጣጥቋል፤ በቦርሳው ጀርባ ላይ የጎማው ጥቁር መስመር ታትሟል። ሰምሃር ሮጣ መጥታ ምሳ ዕቃዬ ተሰበረ አለች። እሳቸው እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። የሺዓለም ምንም አልተናገረችም። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሽማግሌው ይከራከሩ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እልኸኛ ሰው ዝም ማለት ሲያውቅ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ያው እግር ነው» አሉ አባባ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «ያው ነው የረገጥኩት።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ጓለይ በመጀመሪያው ዙር ትሄዳለች፣ ሳይነጋ የምቀሰቅሳት እኔ ራሴ ነኝ አሉ። እሳቸው ከሰጡ በኋላ ሌላው ምን አፍ አለው? የመጀመሪያው ዙር እዚያው ሞላ። የእኔ ልጅ ለሁለተኛው ደረሳት።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት የሺዓለም ሁለተኛውን ዙር ይዛ ሱቄ ፊት ለፊት ቆማ ልጄን ስታሳፍር፣ አባባ ወልደሥላሴ ሰምሃርን በእጃቸው ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። ሌሊቱን ሲያማቸው አድሮ እንቅልፍ ጥሏቸው ኖሯል፤ የመጀመሪያው ዙር አምልጧቸዋል። መኪናው ውስጥ ያለችው የመጨረሻ ክፍት ወንበር የልጄ ነበረች፣ እሷም ተቀመጠችባት። ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው አንድ ልጅ እኮ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ለዛሬ ብቻ አሏት።

የሺዓለም እሳቸውን የምታከብረውን ያህል ማንንም አታከብርም። ፊቷ ሲጨነቅ አየሁት።

«ወንበር የለኝም፣ አባባ» አለች።

 የሽማግሌው ዓይን ሰምሃር ጀርባ ላይ ያለው ቦርሳ ላይ አረፈ። አዲስ ምሳ ዕቃ ገዝተውላታል፣ ቦርሳውን ግን አልለወጡትም፤ ጥቁሩ መስመር እንዳለ ነው።  ቦርሳውን ከልጅቷ ወስደው በራሳቸው ትከሻ አንጠለጠሉና እጇን ይዘው በእግራቸው ወደ ድልድዩ መውረድ ጀመሩ። የቀረውን ማታ ልጄ ነገረችኝ። የሺዓለም ከኋላቸው ቁልቁለቱን ከወትሮዋም ቀስ ብላ ወረደች። ዜብራው ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች፤ ሽማግሌውና ሰምሃር ተሻግረው እስኪጨርሱ ድረስ መስመሩን ሳታልፍ ቆማ ጠበቀቻቸው።