የሞጣው ድሬሰር ብዕር

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ቢቸና ውስጥ የእንጨት እስክሪብቶ የሚሠራ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሙያዬ አናጢነት ነው። በር፣ መስኮት፣ የተማሪ ዴስክ እሠራ ነበር፤ ከሁሉ የምኮራው ግን በቶርኖዬ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ የጣለውን የስፌት መኪና መርገጫ ወስጄ በእግር እንጨት የማሽከረክርበት አድርጌ ሠራሁት። ወይራውን ጫፍና ጫፉን አስይዤ፣ እየተሽከረከረ ሳለ መሮዬን ጠጋ ሳደርገው፣ ማዕዘኑ እየተገፈፈ ድቡልቡል ሲሆን ማየት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ከዚያ መሐሉን በስቼ ከሱቅ የተገዛ የእስክሪብቶ ቀለም እከትበታለሁ። ዳኞቹም አስተማሪዎቹም በእኔ ብዕር ነበር የሚጽፉ። ሰው «ብዕር ሠሪው» ብሎ ሲጠራኝ አንገቴ ቀና ይል ነበር።

አንድ ቀን የፍርድ ቤቱን ወንበር ልጠግን ስሄድ በዋናው ጸሐፊ እጅ የእኔ ያልሆነ የእንጨት ብዕር አየሁ። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ፣ ከቅኔ ቤት ወጥተው መንግሥት ሥራ የገቡ ሰው ናቸው።

«ምንድን ነው የያዙት ጌታዬ?» አልኋቸው።

«ና እየው እንጂ!» ብለው አቀበሉኝ። «ከሞጣ ነው የመጣልኝ። ዳዊት ላይ የሚሣለውን ሐረግ አይመስልም?»

ጥቁር ወይራ ነው። ወገቡ ላይ ነጫጭ ቀለበቶች ተጠላልፈዋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ያልፍና ደግሞ በሥሩ ይገባል፤ መጀመሪያና መጨረሻው አይገኝም። በጥፍሬ ፈተግሁት። ቀለም አይደለም። ነጭ እንጨት ነው፤ መጋጠሚያው ግን በእጅ አይዳሰስም።

«ማነው የሠራው?»

«የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው አሉ። ከወለጋ ተመድቦ የመጣ እንግዳ ሰው ነው።»

ድሬሰር! ቁስል ሲያጥብ የሚውል ሰው! «ደኅና ነው» ብዬ መለስሁላቸው። ወንበሩን ስጠግን ሚስማሩን ሁለት ጊዜ አጣመምሁት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራ አልሠራ አለኝ። የሰው በር ተቀብዬ ወይራ ሳሽከረክር እውላለሁ። ብዕሩ ከለሰለሰ በኋላ ዙሪያውን በቀጭን መሮ እቦረቡርና የሎሚ እንጨት ሰንጥቄ በኮላ ላስገባበት እታገላለሁ። እንጨቱ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ባይሰበር ደግሞ እንደ ተጣፈ ሱሪ ያስታውቃል። አሥር ሠርቼ አሥሩንም እሳት ውስጥ ጨመርኋቸው።

በዚሁ መሐል ጸሐፊው በበዓል ቤታችን መጡና ባለቤቴ የሞጣውን ብዕር በእጃቸው አየችው።

«ውይ፣ እጁ የተባረከ!» አለች።

ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ለእኔ ሥራ እንዲህ ብላ አታውቅም። ብላም ከሆነ ያን ዕለት ትዝ አላለኝም።

«ይኼማ ቀላል ነው፤ ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ» አልሁ።

ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ስሞክር መሮው አዳልጦኝ የግራ እጄን አውራ ጣት ሰነጠቀው። ቢቸና ውስጥ የሚያክመኝ አልጠፋም ነበር። እኔ ግን ጣቴን በጨርቅ አስሬ፣ በማግስቱ ወደ ሞጣ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ለባለቤቴ «እዚያ የተሻለ ሐኪም አለ» አልኋት። እውነቱ ግን ያን ሰው ለማየት ነው። መኪናው ባንገጫገጨኝ ቁጥር ጣቴ ይጠዘጥዘኛል፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ የምመኘው ሰውዬው ትዕቢተኛ ሆኖ እንዳገኘው ነው።

ትዕቢተኛ አልነበረም። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ጨርቁን ፈትቶ ቁስሉን አየው።

«ምን ቆረጠዎት?»

«መሮ።»

«አናጢ ነዎት?»

«አዎ፣ ከቢቸና። ብዕርም እሠራለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ። «የቶርኖው ሰውዬ! እርስዎ ነዎት? ልመጣብዎት ሳስብ ነው እኮ የከረምኩት!»

ጣቴን እየሰፋ ስለ እንጨት ይጠይቀኝ ጀመር። ሥራ ሲወጣ ቤቱ ወሰደኝ፤ ከአልጋው ሥር የጫማ ሳጥን ሳበና ያለውን ሁሉ ዘረገፈልኝ። ሲማር አንድ የአየርላንድ ሰው አስተማሪ ነበረው። የአየርላንድ የጥንት ሰዎች ድንጋይና መጽሐፍ ላይ የሚሠሩትን ማብቂያ የሌለው ቋጠሮ በእንጨት መሥራት ያስተማረው ያ ሰው ነው።

«እዚህ መጥቼ የብራና መጽሐፍ ላይ ሐረግ ሳይ አስተማሪዬ ትዝ አለኝ» አለ። «አንድ አገር የተማሩ ነው የሚመስለው።»

አሠራሩንም አልደበቀኝም። እኔ ድቡልቡል ከሆነ በኋላ የምታገለውን እሱ ገና አራት ማዕዘን ሳለ ይጨርሰዋል። ወይራውን በመጋዝ በሰያፍ ይቆርጠዋል፤ ጨርሶ ግን አይለየውም፤ የጥፍር ውፍረት ያህል ያስቀርለታል። መጋዙ በከፈተው ቦታ ልክ የሚገባ ስስ የሎሚ እንጨት በኮላ ከትቶ ያደርቀዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጎን አዙሮ እዚያው ቦታ ላይ ይደግመዋል። አራቱም ጎን ሲያልቅ የሚታየው የሰያፍ መስመር ብቻ ነው። ማዕዘኑ ተገፎ ሲከብ ግን መስመሮቹ ቀለበት ሆነው ይጠላለፋሉ።

ይኸው ነው። ሁለት ወር ያቃጠለኝ ነገር በሩብ ሰዓት አለቀ። እሱ ግን ቶርኖ ስለሌለው የሚያከብበው በሞረድና በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀ ነበር። የምበልጥበት ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። በጠርሙስ ስባሪ እንዲህ የሠራ ሰው ቶርኖ ቢያገኝ ምን ሊሠራ ነው እያልሁ ነው ወደ ቤቴ የተመለስሁት።

ከዚያ ወዲህ በየሰው እጅ ደብዳቤ እንላላክ ነበር፤ አንተ መባባልም ጀመርን። ከሦስት ወር በኋላ እሱ ራሱ ቢቸና መጣ። ከቦርሳው በፋሻ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ወይራ አወጣ።

«ሦስት ቋጠሮ በተርታ አለበት። ብዙ ደክሜበታለሁ» አለኝ። «በጠርሙስ ላበላሸው አልፈለኩም። በአንተ እጅ ይሁን ብዬ ነው።»

ቶርኖው ላይ አስይዤ መርገጥ ጀመርሁ። ማዕዘኑ ሲገፈፍ አንዱ ቀለበት ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቆየት ብሎ ሦስቱም ቋጠሮ እንደ ሰንሰለት ተከታትለው ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ ተሠርቶ አያውቅም። ባለቤቴ ምሳ ደርሷል ልትለን መጥታ እዚያው ቆማ ቀረች።

«እንዴት አድርገው አሰቡት?» አለች። የጠየቀችው እሱን ነው።

በኮላ የተጋጠመ እንጨት ጉልበት አይወድም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መሮውን ቀለል አድርጌ መያዝ ሲገባኝ አፉን ወደ ውስጥ አዘንብዬ ገፋሁት። እንጨቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ግማሹ ግድግዳውን መታ፣ ግማሹ እግራችን ሥር ወደቀ።

አዳለጠኝ ልል ነበር። እሱ ቀደመኝ። ጎንበስ ብሎ ስባሪውን ለቃቀመና፣ «ኮላው ነው» አለ። «በደንብ ሳይደርቅ ቸኮልኩ። የእኔ ጥፋት ነው።»

«አዎ፣ ኮላው ነው» አልሁ።

ምሳውን ቀምሶ ሄደ። ባለቤቴ ገበታውን ስታነሣ አንድ ጊዜ አየችኝ። ያን ሌሊት ደኅና ተኛሁ፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ከዚያ በኋላ እሱ ባስተማረኝ መንገድ በቶርኖዬ ቋጠሮ ያለበት ብዕር እያወጣሁ ለአገሩ ሁሉ አዳረስሁ። ጸሐፊው አንዱን እያገላበጡ፣ «ይኼስ ከሞጣውም ይበልጣል» አሉኝ። ልሰማው የጓጓሁት ቃል ይህ ነበር። ሰምቼው ግን እዚያው ፊታቸው ያ ከግድግዳው ጋር የተላተመው እንጨት መጣብኝ።

ድሬሰሩ ሊዛወር መሆኑን ስሰማ ሞጣ ሄድሁ። ዕቃውን ሲያስር ደረስሁ።

«ያን ቀን ኮላው አልነበረም» አልሁት። «አውቄ ነው የሰበርሁት።»

ገመዱን እንደያዘ ቆመ። «ለምን?»

«በልጠኸኝ።»

ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «አባቴ በስተርጅናው ፊደል ቆጠረ» አለኝ። «የመጀመሪያውን ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈልኝ። ብዕሩን ለእሱ ነበር የሠራሁት።»

«ሌላ ልሥራለት።»

«ሥራልኝ አላልኩህም!» ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔ ከማንም ጋር አልተሽቀዳደምኩም እኮ። ሂድ በቃ። መኪና እየጠበቀኝ ነው።»

እጄን ዘረጋሁለት፤ አልጨበጠኝም። መኪናው እስኪነሣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ወደ እኔ አልዞረም።

የሚዛወርበት አድራሻ ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ስላየሁት በልቤ ይዤው ነበር። አገሬ ገብቼ ሦስት ቋጠሮ ያለበት ብዕር ሠርቼ ለአባቱ እንዲያደርስልኝ በእሱ ስም በፖስታ ላክሁ። መልስ አልመጣም፤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰው ብዕሬን ሲያደንቅ «የሞጣ ድሬሰር ነው ያስተማረኝ» እላለሁ። ሰዎቹ ታዲያ እኔን ትተው ስለ እሱ ይጠይቁኛል፤ ያም ይቆረቁረኛል። ለአባቱ የላክሁትን ስሠራ እንኳ ይቅርታ ብቻ አልነበረም በልቤ የነበረው። ሳምንት ሙሉ ስለፋበት፣ ከእሱ ሥራ እንዲበልጥ ፈልጌ ነበር።