አማቴ፣ የፈርዖን ቤተ መቅደስና ነጭ ካልሲዎቼ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከአስዋን በስተደቡብ በረሃ መካከል... አማቴ ከአውቶቡስ አልወርድም አሉ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። የምንኖረው ኮሎምበስ ነው፤ አማቴ እማማ አስካለም በከተማዋ ዳርቻ፣ ፒከሪንግተን ባለው ቤታችን አብረውን ይኖራሉ። በወርኃ ጽጌ፣ እመቤታችን በስደቷ ያረፈችባቸውን የግብጽ ቦታዎች መሳለም የዓመታት ምኞታቸው ነበር። ባለቤቴን መሥሪያ ቤቷ ቫኬሽን ስለከለከላት ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ኤርፖርት ላይ የሰጠችኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነው፦ «እማዬን ፀሐይ እንዳይመታት። ፕሬሸሯን ታውቃለህ።»

በሙያዬ የመድኃኒት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሊበላሽ የሚችለውን ነገር አስቀድሞ ማሰብ እንጀራዬ ነው። ውሃ፣ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ ክኒን... ሁሉንም ይዣለሁ። ጥፋቱ የመጣው ካልጠበቅሁት አቅጣጫ ነው። ጉዞው አንድ የፈርዖን ቤተ መቅደስ መጎብኘትንም ይጨምር ነበር፤ አስጎብኚው መንገድ ላይ በማይክ ስለ ፀሐይ አምላክ፣ ስለ መሥዋዕቱና ስለ ካህናቱ ሲያብራራ፣ እኔ አንድም ሳላስቀር ለአማቴ ስተረጉም ነበር።

ስንደርስ ሁሉም ወረደ። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«ይሄ እኮ የጣዖት ቤት ነው!»

«እማማ፣ ዛሬ የሚያመልክበት የለም። እንደ ሙዚየም ይቁጠሩት።»

«ሙዚየም ኮሎምበስም አለ። ነገ የምቆርብ ሰው ዛሬ ጣዖት ቤት ገብቼ ልውጣ? ሂዱ እናንተ። እኔ ዳዊቴን እደግማለሁ።»

በእምነታቸው ልከራከራቸው አልፈለግሁም። ይሁን እንጂ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያጠፋ ነው። በዚያ ሙቀት ተዘግቶ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ የሚታሰብ አይደለም። ውጭ ደግሞ ለምልክት የሚሆን ዛፍ የለም። በዚያ ሁሉ በረሃ ላይ ያለው ጥላ አንድ ብቻ ነው... እሱም እማማ አስካለ አልገባም ባሉት ቤት ውስጥ ነው።

አስጎብኚያችን ሚና ግብጻዊ ክርስቲያን ነው፤ የእጁ አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ተነቅሷል። አማቴ መስቀሉን ካዩ ጀምሮ «ልጄ» ነው የሚሉት። ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ፦

«ንገራቸው እንጂ! ይህ ቤት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር» አለኝ።

ተጠራጠርኩ። እንግዳ ለማስወረድ የተፈጠረ ወሬ ሊሆን ይችላል። እማማ የሚገቡት ደግሞ የእኔን ቃል አምነው ነው፤ ሳላረጋግጥ አልነግራቸውም። ሾፌሩን ሞተሩን እንዳያጠፋ ለምኜ፣ የአንበሳ ገላና የሰው ፊት ባላቸው ሐውልቶች መካከል ሮጥኩ።

ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። በመጨረሻው ክፍል፣ ድሮ የአማልክቱ ምስሎች ይቆሙበት በነበረው ግድግዳ ላይ፣ ቁልፍ የያዘ ቅዱስ ጴጥሮስ ተስሎ አገኘሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቁልፉ ግን በደንብ ይለያል። ግራና ቀኙ ላይ ፈርዖን በድንጋይ ተቀርጿል፤ ለቀድሞ አማልክቱ የዘረጋውን አበባ አሁን ለጴጥሮስ የሚያቀርብ ይመስላል።

ተመልሼ ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አማቴ ዓይናቸውን ወደ ሚና መለሱ።

«ልጄ፣ ተቀድሶበታል?»

ተረጎምኩለት። «ለብዙ ዘመን» አለ፣ የተነቀሰ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ታዲያ ምን አስቀመጠኝ?» ብለው ዳዊታቸውን ዘጉ። እፎይ አልኩ... እሳቸው ግን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«እማማ! አሸዋው ይፋጃል እኮ! በሩ ላይ ሲደርሱ ያወልቃሉ።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከየት እንደሚጀምር ታውቃለህ?»

አሰብኩ። «አላውቅም» አልኩ፤ እውነቱ ይህ ነው።

«እንግዲያው!»

አማራጭ አልነበረኝም። ወፍራም ነጭ የስፖርት ካልሲዎቼን አውልቄ አጠለቅሁላቸው። ጫማዬን መልሼ ላደርግ ስል ቁልቁል አዩኝ።

«አንተስ? አረመኔ ነህ?»

ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ በሌላው፣ በባዶ እግሬ እየዘለልኩ በዚያ በረሃ ተሻገርኩ። እሳቸው በካልሲዬ ረጋ ብለው ይራመዱ ነበር። ጫማዎቹን በሩ ሥር አስቀመጥኳቸው። ጥበቃው ጫማዎቹንም እኔንም አየ።

ውስጥ ገብተው ሰገዱ፤ ረጅም ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ግድግዳውን ቀና ብለው አዩ።

«ይሄ ማነው?»

«ፈርዖን ነው።»

«አበባ ይዞ?»

«አዎ፣ ግን እማማ፣ እሱ የተቀረጸው ጴጥሮስ ከመወለዱ እጅግ...»

«ተመልከት! ሙሴን ያን ያህል ያስቸገረ ሰውዬ፣ በጽጌ አበባ ይዞ ቅዱስ ጴጥሮስ ፊት ቆሟል። እሱ ገብቶ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ልቀር!»

የዘመን ስሌቱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

ስንወጣ ደጃፉ ተለውጦ ጠበቀን። ከኋላችን በሌላ አውቶቡስ የመጡት ጎብኚዎች የእኛን ጫማ ሲያዩ ሕግ መስሏቸው፣ የእነሱንም አውልቀው በረድፍ ደርድረዋል። ጥበቃው አሁን ማንም እንዳይወስደው ጫማ ይጠብቃል። የማንንም ስህተት አላረምኩም።

በማግስቱ አስዋን ላይ በሰላም ቆረቡ። ፕሬሸራቸውም ደህና ነበር።

ባለፈው እሁድ ቤት ውስጥ ካልሲዎቼን እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። «ጴጥሮስ ቤት የተሳለመ ካልሲ ጂም ልትሮጥበት ነው?» አሉኝ።

አሁን ሳሎናችን መደርደሪያ ላይ፣ ከጸበሉ ጎን ተቀምጠዋል። በጥራት ተቆጣጣሪነቴ አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ... አልታጠቡም።