አባቴ የፈጠረው ፈሪ

ፍኖተ ሰላም በተከራየሁበት ግቢ፣ ከሰል እንደልብ አልገኝ ካለ ወዲህ ጎረቤቶቼ እሳት የሚያያይዙት ፍሬው በተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። የዚያ ቶሎ ቦግ የሚል እሳት ትንሽ ጣፈጥ የሚል ጭስ በመስኮቴ ሲገባ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቁጭ እላለሁ። ሐሳቤ ቡሬ አጠገብ ካለችው መንደራችን ይደርሳል፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በቆሎ ከሚፈለፈልበት ደጃችን።

በእኛ አገር በቆሎ የሚፈለፈለው በወንፈል ነው፤ ዛሬ የእኛ፣ ነገ የጎረቤት። አውራ ጣታችን እስኪላጥ ስንፈለፍል እንዳንሰለች አባቴ ተረት ይነግረን ነበር። የሰው ተረት አይወድም፤ የራሱን ይፈጥራል። ጀግናው ደግሞ አንበሳ በጡጫ የሚጥል ዓይነት ሳይሆን እምቢአለ የሚባል የለየለት ፈሪ ነበር። ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ፀሐይን ውጦ አገሩ በጨለመ ጊዜ፣ ንጉሡ ፀሐይን ማን ያስመልስ ብሎ ዕጣ ቢያወጣ ዕጣው በእምቢአለ ላይ ወደቀ። እምቢአለም ወዲያው ጎታ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። መልእክተኞቹ በእግሩ ጎትተው ሲያወጡት ጆሮው ሳይቀር ጤፍ ሞልቶት ነበር ሲል አባቴ፣ እኛ የፈለፈልነውን እስክንበትን እንስቃለን።

የማይስቀው ወንድሜ ብቻ ነበር። ስሙ ይበልጣል ይሁን እንጂ በሁለት ዓመት የምበልጠው እኔ ነኝ። ይበልጣል የማይፈራው ነገር አልነበረም፤ አውራ ዶሮ ይፈራል፣ ነጎድጓድ ይፈራል፣ ቄሱ ሊያሳልሙት መስቀል ሲያወጡ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ይገባል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ወንዛችንን መፍራቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ መሻገሪያው አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ። መስከረም ላይ ውኃው ገና ሳይጎድል ትምህርት ሲጀመር፣ እሱ ግንዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እናቴ አንዱን ዓመት ከቤት አስቀረችው፤ ሁለተኛውንም ልታስቀረው አስባ ነበር። ተረቱ ለማን እንደተፈጠረ ያኔ አልገባኝም።

እምቢአለ በአንድ ጀምበር ጀግና አልሆነም። አባቴ አልቸኮለበትም፤ ብዙ ቀን ከአጥሩ እንኳ አላወጣውም። "ጉልበቴ ሆይ፣ እስከዚያች ዋርካ ብቻ አድርሰኝ፤ ከዚያ እንመለሳለን" ይላል እምቢአለ፤ ዋርካዋ ሥር ሲደርስ ደግሞ ሌላ ዛፍ ያያል። እንዲህ የገዛ ጉልበቱን እየደለለ ከዘንዶው ዋሻ ደረሰ፤ ሰባቱ ራሶች ሲያንኮራፉ እየተንቀጠቀጠ ገብቶ ፀሐይን በጋቢው ቋጥሮ ወጣ። "እየተንቀጠቀጠ" የምትለዋን ቃል አባቴ አንድም ቀን አልዘለላትም።

በቀጣዩ መስከረም ይበልጣል ግንዱ ላይ ወጣ። ከኋላው ነበርኩና ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ እስከዚች ጉጥ ብቻ፣ እስከዚያችኛዋ ጉጥ ብቻ ይላል። ማዶ ደርሶ ዞሮ ሲያየኝ የነበረው ፊቱ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አባቴ ከማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ ኖሯል፤ ማታ ከደስታ ብዛት ራቱን መብላት አቃተው።

ይበልጣል አድጎ ቡሬ ላይ ባጃጅ ነጂ ሆነ። ባለፈው ዓመት፣ በተኩስ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ቤቱን ቆልፎ በተቀመጠበት ሰሞን፣ የአንድ ጎረቤታችን ሚስት ምጥ ጠናባት። ሌሎቹ ነጂዎች አንሄድም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ይበልጣል ደወለልኝ።

"እታለም፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው" አለኝ። "እስከ አስፋልቱ ብቻ ልሞክረው።"

ተው፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ አልኩት። ሄደ። ሴትዮዋን ጤና ጣቢያ አደረሳት፤ በሰላም ተገላገለች። እሱን ጥይት ያገኘው ባዶ ባጃጁን ይዞ ሲመለስ ነው፤ ከየት እንደተተኮሰ የሚነግረን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም።

በአገራችን ወግ ልቅሶ ላይ ወንዶቹ እየተነሡ የሟችን ጀግንነት ያወሳሉ፤ የሚፎክርም አለ። ያን ቀን ሁሉም ይበልጣልን አወደሰ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞሩና፣ "አያ ታከለ፣ እንዲህ ያለ አንበሳ ወልደው ዝም ይላሉ?" አሉት። አባቴ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ። ሊፎክር ነው ብለን ጠበቅን።

"ልጄ ፈሪ ነበር" አለ። "እግዜር ፈሪ አድርጎ ሰጥቶኝ ነበር። በተረት አባብየ ወንዝ ያሻገርሁት እኔ ነኝ። ብተወው ኖሮ ዛሬ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር።"

ይህን ብሎ ተቀመጠ። ያቺ የወለደችው ሴት ገና አራስ ብትሆንም ከሴቶቹ መካከል ነበረች፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነች።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ተረት አይናገርም። የልጅ ልጆቹ ሲለምኑት ረሳሁት ይላል፤ እንዳልረሳው አውቃለሁ፣ እኔም አልረሳሁትም። ባለፈው ሳምንት የልጄ መምህርት አስጠርታኝ፣ ልጅሽ በጣም ፈሪ ናት፣ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ አትጫወትም፣ ቤት ውስጥ አደፋፍሪያት አለችኝ። እሺ አልኳት። ልጄን እጇን ይዤ ወደ ቤት ስንሄድ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በልጁ ፍርሃት ደስ የሚለው ወላጅ በእኛ ቤት ከዚህ በፊት አልነበረም።