ዳክዬ በሁለት እጅ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ሱቅ የነበራቸው ጋሼ መርዕድ ቡቺ የሚባል የአደን ውሻ ነበራቸው። ወፍ የሚጠቁም፣ ዱካ የሚከተል፣ ከውሃ ውስጥ ዳክዬ የሚያወጣ ሁለገብ ውሻ። የአደን ውሾች የሚፈተኑትን ከፍተኛውን ፈተና አንዴ ወድቋል፤ ይኼኛው የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ጋሼን ጉልበታቸውን ስላመማቸው ትሬይን የማደርገው እኔ ሆንኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሐይቅ ዳር የሞተ ዳክዬ ስወረውር፣ ሲያመጣልኝ ስቀበል ከረምኩ።

በፈተናው ቀን ግን ውሻውን የሚያዘው ባለቤቱ ነው። ቡቺ ውሃው ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ዳክዬውን በአፉ ይዞ መጣና ጋሼ ፊት ቁጭ አለ። ጋሼ አንድ እጃቸውን ዘረጉ። አልለቅም አለ።

«ኦኬ ቡቺ፣ ስጠኝ።»

ንቅንቅ የለም። ፈታኙ ሰዓቱን አየ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ ያሳደገችኝ ዕቃ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ እንድቀበል አድርጋ ነው። ለካ ከውሻውም ስቀበል የከረምኩት እንደዚያው ኖሯል።

«ጋሼ፣» አልኳቸው ከኋላ፣ «ጎንበስ ብለው በሁለት እጅ ይቀበሉት።»

«ለገዛ ውሻዬ?»

«ፈተናውን ይወድቃል እኮ!»

ጋሼ ግራ ቀኙን ገላመጡና በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ጎንበስ አሉ። ቡቺ ዳክዬውን ቀስ አድርጎ መዳፋቸው ላይ አኖረው።

በደስታ ልጮህ ስል ፈታኙ ዳክዬውን ለመመርመር መጣ። ቁመቱ በር የሚያክል ፈረንጅ ነው። ኮፍያውን አወለቀና፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ከጋሼ ተቀበለ።