የሐሙስ ሳቅ

ስልኬ ውስጥ ያልሰረዝኩት፣ ደግሜም ያልከፈትኩት አንድ የሐሙስ ፕሮግራም አለ። የታናሿ ልጄ ነው። በእሱ ምክንያት የራዲዮ ሥራዋን ልትተወው ነበር።

ጋዜጠኝነት የተማረችው ደሴ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በግቢያቸው ራዲዮ መዝናኛና የተማሪዎችን ወሬ ታቀርብ ነበር። ራዲዮው እኔ ያለሁበት መካነ ሰላም ስለማይደርስ ሲያልቅ በስልክ ትልክልኛለች፤ እኔም እንዳሳየችኝ የማጫወቻ ምልክቷን ነክቼ እሰማለሁ። ስልኩን የላከችልኝ ታላቋ ናት፣ ከዓረብ አገር። ለእህቷም አንገትጌ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ልካላት ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፈሪም ነኝ። መጀመሪያ ልጄ በራዲዮ መሳቋ አስጨንቆኝ ነበር። የምግብ ቤታቸው ዳቦ ስለመጠንከሩ፣ መኝታ ቤቱ ውሃ ስለማጣቱ ትዘግባለች፤ እሱስ ደግ። ከዚያ አንድ ዘፋኝ ወይም ቀልደኛ ታመጣና ትስቃለች። ሳቋ ከሆዷ ነው፤ አንዴ ከያዛት አይለቃትም።

«ልጄ፣ ሳቅሽን እንኳ ቀነስ አድርጊው። ሰው ምን ይላል?»

«እማ፣ ሰው እኮ የሚከፍተው ለሳቄ ብሎ ነው!»

«የሚያገባሽም ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ከአሁኑ ቢለምደው ይሻለዋል።»

ለታላቋ ብከሳት «ተያት እማ፣ ትሳቅ» አለችኝ። «እኔ ሥራዬን ስጨርስ እሷን ከፍቼ ነው የምስቀው።» ከዚያ ወዲህ ተውኳት። ደሴ ያለ አንድ ጣቢያ ስትመረቅ ለመዝናኛ ፕሮግራሙ ሊወስዳት እንዳሰበ የነገረችን ዕለት፣ ታላቋ በስልክ እልል አለች። አሠሪዋ ሰምታ ትቆጣት ይሆን ብዬ እንደልማዴ ፈራሁ።

ያን ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ቤቴ ሰው አላጣም። ከልጅነት ጀምሮ የማትለየኝ ሙስሊም ጎረቤቴ ገንፎ ይዛ መጣች።

«ምነው፣ ወለድኩ እንዴ?» አልኳት።

አልሳቀችም። «ብዪ እቱ። ካልበላሽ ወላሂ አልሄድም።»

ሌላዋ እርጎ አመጣች። አንዷ ቤቴን ጠረገችልኝ። በአገራችን ሐዘንተኛ መርዶውን ከሰማ በኋላ እህል እምቢ ስለሚል፣ ዋዜማውን በሰበብ በሰበቡ ያበሉታል። ለስንት ሰው እኔው ራሴ እንዲህ አድርጌያለሁ። በእኔ ሲደረግ ግን አላወቅኩትም። ሰው እንዴት ወደደኝ እያልኩ በላሁ።

ማምሻውን ፕሮግራሙ መጣ። ሴቶቹ እንደተቀመጡ ከፈትኩት። ልጄ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መብራት አወራች። ቀጥላ አንድ ተማሪ አቀረበች፤ ከገጠር እንደመጣ መጀመሪያ ሊፍት ሲገባ ጫማውን አውልቆ ደጅ እንደተወው፣ ሲመለስም እንዳጣው ተናገረ። ልጄ ሳቀች። ያው ከሆዷ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ አብሬያት ሳቅኩ። ጎረቤቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ተነሣች።

«ምነው?»

«ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ወጣች።

ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። በሩን ስከፍት አቀስታ የሚኖረው ወንድሜ ጋቢውን አጣፍቶ አጥሩ ሥር ቆሟል። ከኋላው የነፍስ አባቴ፣ ቅሬ የምንለው የዕድራችን ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶቼ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም አይጠፋውም።

መጀመሪያ የታየችኝ ደሴ ያለችው ናት፤ መኪናው፣ ገደሉ። ወዲያው ግን «እሷስ ደህና ናት፤ ማታ ስትስቅ ሰምቻታለሁ» አልኳቸው።

ይህን ከአፌ ሳወጣ ማን እንደቀረችኝ ገባኝ። ወንድሜ ሳይናገር የታላቋን ስም እኔው ቀድሜ ጠራሁ።

በድንገት ታማ ነው አሉኝ። ከዚያ በላይ እስካሁን የማውቀው የለም። አፈሯም እዚያው ቀረ። ለቅሶው ላይ ፎቶዋንና ትታው የሄደችውን ቀሚስ ይዘን አለቀስን።

ታናሿ ከቀትር በኋላ ደረሰች። ስታለቅስ ቆየችና ፀጥ ስትል ጠየቅኳት።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ሰምተሽ ሐሙስ ሳቅሽ?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ «እኔ ነኝ» አለ። «ፕሮግራሙ ከቀረ ትጠረጥራለች፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ ብቻዋን ትሰማዋለች ብዬ፣ እንደወትሮሽ ላኪላት አልኳት።»

እውነቱን ነው። ቢቀር ኖሮ ስልክ ያለውን ሁሉ አስጨንቅ ነበር።

ልጄ ግን እኔን ብቻ ነበር የምታየው። «አልሳቅኩም እማ። ልጁ ሲያወራ ዝም ብዬ አየሁት። ሳቁን ከድሮ ፕሮግራም ነው ያመጣሁት።» ድምፅን በኮምፒውተር እንደ ጨርቅ ቆርጠው ይቀጥሉታል። «ለበዓል እህቴን በስልክ ያቀረብኳት ቀን፣ አንቺ ስልኩን እንደምትስሚው ስትነግረኝ የሳቅኩትን ነው የቀጠልኩት። ሌላውን ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ።»

ታዲያ እኔ አብሬ የሳቅኩት ታላቋ ባሳቀቻት ሳቅ ነበር። እሷ ግን አፈር ከለበሰች ቀናት አልፈው ነበር።

ከአርባው በኋላ ልጄ ትምህርቱን እንደምንም ልጨርስ እንጂ ጣቢያው ይቅርብኝ አለች። ማይኩን ከእህቷ ቀሚስ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እዚሁ መካነ ሰላም የቢሮ ሥራ ታገኝ፣ ዓይኔ ሥር ትሁን አልኩ። አንዷ በሄደችበት የቀረችበት ሰው ሌላዋን አጥብቆ ይይዛል።

ግን ታላቋ «ተያት እማ፣ ትሳቅ» ያለችኝ ቃል አላስቀምጥ አለኝ። የዚያች ልጅ ሌላ ኑዛዜ የለኝም። ታናሿ ተመርቃ የመጣች ሰሞን ሳጥኑን ከፈትኩና ማይኩን እጇ ላይ አደረግኩላት።

«ሂጂ። ይቀበሉሽ እንደሆነ ጠይቂያቸው።»

«አንቺስ? ያንን የሳቄን ድምፅ መልሰሽ ትሰሚዋለሽ?»

«እሰማዋለሁ። አብሽሪ።»

እንደማልችል እያወቅኩ ነው ያልኳት።

ጣቢያው ተቀበላት። የመጀመሪያው ፕሮግራሟ የመጣልኝ ሐሙስ ጎረቤቴ ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምልክቷን መንካት ስላቃተኝ እሷ ነካችልኝ። ልጄ ሰላምታ ሰጠች፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ጎልማሳ ሆኗል። እንግዳዋ ቀልደኛ ነው። ጥሩ ቀልድ ቀለደ፤ አብረውት ያሉት ሁሉ ሳቁ። የእሷ ሳቅ በሚመጣበት ቦታ ግን ምንም አልመጣም። «እሺ፣ ቀጥል» አለችው።

ሌላው አድማጭ ልብም አላለው ይሆናል። እኔና ጎረቤቴ ግን ቀና ብለን መተያየት አቃተን።

ወዲያው ደወለች። «እማ፣ ሰማሽው?»

«ሰማሁት ልጄ። ደስ ይላል።»

«ድምፅሽ ምነው?»

ጎረቤቴን አየኋት።

«ጉንፋን ይዞኛል» አልኳት።